ግራ እግሬን ያላቀናው ሐኪም

ዶክተር ማቴዎስ የተቀበረ ዕለት የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው፣ “ሀብታም ድሃ ሳይል፣ ዘመድ ባዕድ ሳይል፣ ሳያዳላ የስንቱን እግር አቀና” አለ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ “ሳያዳላ” የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ግን እንባዬ ቀጥ አለ። አጠገቤ ለቆመችው ልጄ፣ “አዳልቷል” አልኳት። በሹክሹክታ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ከፊታችን የቆሙት በሙሉ ዞረው አዩኝ። ልጄ ነጠላዬን ሳብ አድርጋ፣ “እማዬ፣ አስከሬን ፊት?” አለችኝ። አስከሬን ፊት ያልሆነ ነገር ሲነበብ ዝም ይባል የሚል ሕግ ግን አላውቅም።

ስለዚህ በቀብሩ ላይ ያልተነበበውን እኔ ልጻፈው። ዶክተር ማቴዎስ ቀኝ እግሬን አቅንቶ ግራ እግሬን እንደ ጎበጠ ትቶታል። ሁለቱም የአንድ ሰው እግሮች ናቸው። ሁለቱም ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ደጋን ወደ ውጭ የጎበጡ ነበሩ። የበለጠ ያገለገለኝ ደግሞ ግራው ነው። አንዱን አቅንቶ ሌላውን መተው ማዳላት ካልሆነ፣ ማዳላት የሚባለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። ይህን ዛሬ ከጀርባው አይደለም የምናገረው። በሕይወት ሳለ ለራሱ ነግሬዋለሁ፤ ሽማግሌም ልኬበታለሁ።

ጠልቼው የምናገር እንዳይመስላችሁ። እንደ እሱ የገረመኝ ሰው የለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ሲናደድም ድምፅ የለውም። የሚታወቀው በመነጽሩ ነው፤ ሲስቅ ያወልቀዋል፣ ሲናደድ ይጠርገዋል። ለሁሉም ሰው “እርስዎ” ይላል፤ ለባለ ሆቴልም፣ ክፍሉን ለምታጸዳው ሴትም። እኔ ግን በእድሜ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ስለነበር “አንተ” እለው ነበር። ነርሶቹ ይገላምጡኛል። እሱ አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም።

እኔ ገበያ ውስጥ ቅቤ ተራ የምቀመጥ ሴት ነኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ልጄ በጊዜ ስለወለደች አያት የሆንኩት ጸጉሬ ገና ጥቁር ሳለ ነው፤ የልጅ ልጆቼም ከእኔ ጋር ይኖራሉ። እኔ ተራ ውስጥ ካልተቀመጥኩ ቤታችን አይቆምም። በርጩማው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ብድግ ማለት አለ፣ ጎንበስ ብሎ ከእንሰት ቅጠሉ ላይ ማንሳት አለ፣ ሚዛኑ ላይ መጫን አለ። ቀኝ ጉልበቴ ማመፅ የጀመረው ከዚያ ሁሉ ብድግ ቁጭ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቁርጥማት ነው አልኩ። ቅቤ ተቀባሁ፤ ቅቤ ነጋዴ ቅቤ አይቸግራትም። ወንዶ ገነት ሄጄ ፍል ውሃ ገባሁ። አጎቴ ወጌሻ ነውና እሱም እያሸ አስጮኸኝ። ኪኒኑን የቆጠረው የለም። ቀኙ እየባሰበት ሲሄድ ግራው የሁለት እግር ሥራ ይሠራ ጀመር። ደረጃ ስወጣ ግራው ይቀድማል። ባጃጅ ላይ ስሳፈር ግራው ይገፋኛል። ቀኙ እንደ ሙሽራ ተደግፎ ይከተላል። እንዲህ ሆነን ዓመታት ኖርን።

ዶክተር ማቴዎስ ዘንድ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ፊቴን ሳያይ፣ “ሁለቱንም ጫማዎን ያውልቁልኝ” አለኝ።

ያመመኝ ጉልበቴ ነው አልኩት።

“ይሆናል። ሰው ግን ያጋንናል፤ ጫማ አያጋንንም።”

አወለቅኩ። ጫማዎቼን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቶቹ መሃል ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አፈርኩ። ገበያ የዋለ ጫማ ነው። እሱ ግን ሌላ ሰው መጽሐፍ እንደሚያይ ሶላቸውን ተራ በተራ አየ። የግራው አልቆ ጣቴ ሊወጣ ደርሷል። የቀኙ ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

“እንዲያው በአንድ እግር ነው የሚሄዱት?” አለኝ።

ሌላው ስለማይሠራ ነው አልኩት።

“ግራው ታታሪ ነው” አለ።

ይህን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ። ለግራው ታታሪነት የመጀመሪያው ምስክር እሱ ራሱ ነው።

ከዚያ ቆሜ የተነሳሁትን ትልቁን ራጅ መስኮቱ ላይ አስደግፎ አሳየኝ። ጉልበቴ መሃል፣ በአጥንትና በአጥንት መካከል፣ በውጭው ወገን ክፍተት አለ፤ በውስጠኛው ወገን የለም። እዚያ የነበረው ልም አጥንት አልቆ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋጫል። እግሬ ስለጎበጠ ሰውነቴ የሚያርፈው በውስጠኛው ወገን ላይ ብቻ ነው አለኝ። ገበያ ውስጥ ስለ አርቴፊሻል ጉልበት ሰምቼ ስለነበር፣ ይሄን አውጣና ብረቱን አስገባልኝ አልኩት። መነጽሩን አልጠረገም፣ አላወለቀም። ጠረጴዛውን በእጁ ነቀነቀው። ጠረጴዛው ይወላገዳል፤ ለካ ከአንደኛው እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ነበረ፣ የምታጸዳው ሴት ጠዋት ጠርጋ ጥላዋለች። ጎንበስ ብሎ ሌላ ካርቶን አጥፎ ሸጎጠበት። ጠረጴዛው ቆመ።

“ገበታውን ቀየርኩት?” አለኝ።

አልቀየርክም አልኩት።

“የእርስዎም ግማሹ ጉልበት ደህና ነው። ግማሹ ደህና የሆነ ቤት አይፈርስም። ብረቱ የትም አይሄድም፤ የሚያስፈልግበት ቀን ከመጣ ያኔ ይገባል። የራስ ጉልበት ግን አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። መጀመሪያ ያለውን እናስተዳድር።”

“ያለውን እናስተዳድር” አባባሉ ነበረች። ለሁሉም ነገር ይላታል። መብራት ሲጠፋም ይላታል።

የሚያደርገውን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ የቅልጥሜን አጥንት ከውስጥ በኩል በመጋዝ ይገባበታል። እስከ ወዲያኛው ጫፍ አይቆርጠውም፤ እንደ በር ማጠፊያ ትንሽ ይተዋል። ከዚያ በሩን ገርበብ እንደማድረግ ቀስ ብሎ ይከፍተዋል፣ እንደ ሽብልቅ የሆነ ክፍተት ይፈጠራል፣ በብረትና በብሎን ይይዘዋል። እግሬ ይቀናል። ሸክሙም ካለቀው ወገን ተነስቶ ወዳላለቀው ወገን ይዛወራል።

ትንሽ አሰብኩና፣ “ማለት እስከ ዛሬ አንዱ ወገን ብቻ ሲሠራ ሌላው ተቀምጦ ይበላ ነበር?” አልኩት።

“በትክክል።”

“ይሄማ ፍርደ ገምድልነት ነው።”

“ለዚህ ነው የምንቆርጠው” አለኝ፤ መነጽሩንም አወለቀ።

ያኔውኑ እሺ አልኩ። ሕመሙን አልደበቀኝም፤ ለሳምንታት በዚያ እግር እንደማልረግጥም፣ ለዘላለም ይቆያል ብሎ እንደማይምልልኝም ነገረኝ። የእኔን ሐሳብ የወሰደው ግን ሕመሙ አልነበረም። አጥንት ውስጥ ገብቶ የሥራ ድልድል የሚያስተካክል ሰው ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም።

ኦፕራሲዮኑን የሠራኝ ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ነው፤ አልተኛሁም። ፊት ለፊቴ መጋረጃ ወጠሩ። መጋዝ ሰማሁ፣ መዶሻ ሰማሁ። አናጢ ቤት ዕቃ አዝዤ የምጠብቅ መሰለኝ። ዕቃ ሲሠራ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ መቅናቱን በዓይን ነው ወይስ በገመድ የምታዩት ብዬ በመጋረጃው ላይ ጠየቅኩ። የእሱ ድምፅ፣ “በገመድ ነው፣ እማማ ዘነበች። ከዳሌዎ እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ወጥረነዋል” አለኝ። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ አልኳቸው። አንዲት ነርስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች።

ከዚያ የጠያቂው ጣጣ መጣ። በእኛ ዘንድ እግሩ የተሰበረ ሰው ሲጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ሰበረህ ነው። መኪና ነው? ይሉኛል። አይደለም። ወድቀሽ ነው? አይደለም። ታዲያ ማነው? ሐኪም ነው እላቸዋለሁ። ጉልበቷን አመማት፣ ቅልጥሟን ሰበረላት ተብሎ በቅቤ ተራ ተወራ። አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ጥርስ ሊያስነቅል ሄዶ ጆሮውን ተቆርጦ የመጣ ዘመድ ያላት ይመስል ከንፈሯን እየመጠጠች ዋለች። ወጌሻው አጎቴ ራጁን ለረጅም ጊዜ አየና፣ “ይሄ ሰው ሆን ብሎ ነው የሰበረው” አለ። አዎ፣ ሆን ብሎ ነው አልኩት። ሳይሰናበተኝ ሄደ። እግሬን ሊያሽልኝ ከሌላ ወጌሻ ጋር እንዳይመለስ ልጄ በር ላይ ትጠብቅ ነበር።

አጥንቱ ሞላ። ክራንቹን ጣልኩ። ቀኝ እግሬ ቀጥ ብሎ፣ ሕመሙ ለቆኝ፣ በርጩማዬ ላይ ተመለስኩ። ያ ያወራ የቅቤ ተራ ሰው ሁሉ ቀሚሴን ከፍ አድርጌ እንዳሳየው ይለምነኝ ጀመር። ልጄ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሏት ነበር።

ቀስ እያልኩ ግን ያየሁት ነገር አለ። ስቆም አንዱ እግሬ ቀጥ ብሎ ወታደር ነው፤ ሌላው ጎብጦ ጭነት የያዘ አህያ ነው። ቀሚስ የምትሰፋልኝ ሴት ጠርዙ አልስተካከል ስላላት፣ የትኛውን እግር ልከተል ብላ ጠየቀችኝ። የልጅ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ሆና፣ “የአያቴ አንዱ እግር አዲስ ነው፣ አንዱ አሮጌ ነው” ስትል ሰማሁ። ያኔ ተቀምጬ አሰብኩ። ዓመታት ሙሉ የሠራው ግራው ነው። ቀኙ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሽልማቱን ማን ወሰደ? ቀኙ። የሚያስፈራኝም ነገር ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጎብጠው ነው የኖሩት፤ ግራውም ነገ እንደ ቀኙ ቢሆን፣ እነዚያ ልጆች እጄን እያዩ ባሉበት ሰዓት ማን ይሸከመኛል?

በቀጠሮዬ ቀን ሄጄ፣ ግራውን መቼ ነው የምታቀናልኝ አልኩት። መረመረው፣ ራጅ አስነሳው፣ መስኮቱ ላይ አስደግፎ አየው።

“ያምዎታል?” አለኝ።

“አያመኝም። ጨዋ ስለሆነ ዝም ብሎ ነው።”

“ጨዋ አጥንት አይቼ አላውቅም። አጥንት ካመመው ይናገራል” አለኝ። ክፍተቱ በሁለቱም ወገን ደህና ነው፤ ገና ነው አለኝ።

እኔ የጠየቅኩት ስለ ክፍተቱ አልነበረም። የጠየቅኩት ስለ ፍርዱ ነው። ታታሪ ነው ያልከው አንተ ነህ፣ ታዲያ የታታሪ ዋጋው እንደ ጎበጠ መቅረት ነው ወይ አልኩት።  መነጽሩን ጠረገ ብል እዋሻለሁ፣ አወለቀ ብልም እዋሻለሁ። ግማሽ አውልቆ መልሶ አደረገው። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ጠየቅኩት። አንዴ ግራው እግሬ እንዴት እንደዋለ አስቀድሞ ጠየቀኝ፣ አንዴ ሰላም ይበሉልኝ አለኝ። መልስ ግን አልሰጠኝም።

ስለ ፍትሕ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አፍ አውጥቶ የተናገረኝ። ያን ቀን ሳይነጋጋ ሄጄ ከሰው ሁሉ ፊት ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ አንድ ባለ ሆቴል ሰው አስከትሎ መጥቶ በቀጥታ ሊገባ ሲል፣ ዶክተር ማቴዎስ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጫማው አየና፣ “ጫማዎ ደህና ነው፤ ተራዎን ይጠብቁ” ብሎ መለሰው። እሰይ አልኩ። ወዲያው ከሁላችን ኋላ የመጣ አንድ ባጃጅ ነጂ እግሩን እየጎተተ ደረሰ። እሱን ግን እጁን ይዞ አስገባው። ሲወጣ ጠብቄ፣ ተራው የኔ ነበር አልኩት።

“ተራ ለዳቦ ነው፣ እማማ። ለአጥንት ግን ተራው ሕመሙ ነው” አለኝ።

ቤቴ ሄጄ ብዙ ቀን አሰብኩበት። ስህተቱን አላገኘሁበትም። ቢሆንም የኔን ጥያቄ አይመልስም።

ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ። እኛ ዘንድ ሰው በግል ተለምኖ እምቢ ካለ ሽማግሌ ይላክበታል፤ ለሽማግሌ መልስ ሳይሰጡ ማሰናበት ነውር ነው። ሦስት ሰው መረጥኩ። አንዱ የእድራችን ሰብሳቢ ነው፤ ሲናደድ በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ሲለምን በአማርኛ ይናገራል። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሦስተኛውና አፈ ጉባኤው ሀጂ ከድር ነው፤ ቅቤ ተራው መውጫ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ስንት የተኳረፈ ያስታረቀ ሰው። ጉዳዩን ስነግረው፣ “ለእግር ተልኬ አላውቅም” አለ። ቀጥሎ፣ “ቢሆንም ሙግትሽ ደህና ነው” አለ።

በባህሉ ያስላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ ቤቴ ቀረሁ። የሆነውን የሰማሁት ከሀጂ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ሐይቅ ዳር ያለው የዶክተሩ ቤት ደረሱ። በሩን የከፈተችው ባለቤቱ አስቴር ናት። ግቡ፣ ተቀመጡ አለቻቸው። ገቡ፤ አልተቀመጡም። ሀጂ፣ “የመጣነው ለቁም ነገር ነው፤ እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም” አላት። ሌላ አነጋገር አያውቅም፤ ሽማግሌ ሲሆን የሚለው ይህንኑ ነው። አስቴር ግን ሶስና የምትባል ዩኒቨርሲቲ የምትማር ያላገባች ልጅ አለቻት። ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ በቅዳሜ ጠዋት አልቀመጥም ካለ ትርጉሙ አንድ ነው። ፊቷ ተለዋወጠ። ጓዳ ገባች። ሶስና ስትወጣ ዓይኗ ፈጥጦ ነበር፤ እናቷን፣ “ማነው እሱ?” ስትል ሦስቱም ሰሙ።

ዶክተር ማቴዎስ በቁምጣ ወጣ። ሀጂ፣ “እግሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ሁለቱም፤ አይቼዋለሁ” አለኝ። ይህንንም ለማስረጃ ያዝኩት።

ዶክተሩ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ። ሀጂም እምቢ የማይባል ልመና ይዘን ከትልቅ ቤት መጥተናል እያለ ንግግሩን አጋምሶ ሳለ አስቴር እንባዋን ስትጠርግ ያያል። ያኔ ነው የገባው። ንግግሩን አቁሞ፣ “ይቅርታ፣ ነገሩ የእግር ነው” አለ።

 ቀድማ የሳቀችው ሶስና ናት። አስቴር ያቀረበችውን ለስላሳ መልሳ ወሰደችው፤ ቆይታ ግን ነውር መስሎ ስለታያት መልሳ አመጣችው። ዶክተር ማቴዎስ አልሳቀም። መነጽሩን ግን አውልቆ ነበር።

“የማን እግር?” አለ።

“የዘነበች። ግራዋ።”

“በወግ ለመጣ ሰው በወግ ነው የሚመለስለት” አለ። “እንግዲህ የልጅቷን ዘመዶች ማማከር አለብኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።”

የእድሩ ሰብሳቢ ግራ ገብቶት፣ ዘመዶቿ እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ።

“ጉልበትና ዳሌ ናቸው” አለ ዶክተሩ።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ለስላሳውንም የጠጡት ቆመው ነው።

ሁለት ሳምንቱ ሳይሞላ ዶክተር ማቴዎስ ታመመ። ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰዱት፣ ቆይቶ ተመለሰ። ሐኪም ለሕክምና ሲሄድ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ምን እንደሆነ የተነገረን ነገር የለም። ሽማግሌዎቼ የታመመ ሰው ደጅ መልስ ስጠን ተብሎ አይኬድም አሉ። ልክ ናቸው። የታመመ ሰው አይከሰስም፤ ይጠየቃል እንጂ። ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ልጠይቀው ሄድኩ።

ሐይቁን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰውነቱ ጋቢው ውስጥ አልቋል። ስለ ልጆች ጠየቀኝ፣ ስለ ገበያ ጠየቀኝ። ስለ እግሬ እንዳልተነፍስ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ አልተነፈስኩም። ተሰናብቼ ልነሳ ስል፣ “ሁለቱንም ጫማዎን ያውልቁልኝ” አለኝ።

አወለቅኩ። አስቴር አጠገባችን ቆማ ነበር። ጫማዎቼን ገልብጦ ጭኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጫማዎቹን መለሰልኝ። ለአስቴር አንድ ነገር ሊነግራት እንደፈለገ ሁሉ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“ሽማግሌዎቹ ደህና ናቸው?” ብቻ አለኝ።

“ደህና ናቸው። እስካሁን አልተቀመጡም” አልኩት።

መነጽሩን ለማውለቅ እጁን አነሳ፤ እጁ እምብዛም አልታዘዘውም። አስቴር አወለቀችለት። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀብሩንና እዚያ ያልኩትን ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ድንኳኑ ተነስቶ፣ ጠያቂው ሁሉ ሲበተን፣ አስቴር ሰው ላከችብኝ። ሦስቱን ሽማግሌዎች ይዛ ትምጣ፣ ራሷም ትምጣ ብላለች። ልጄ፣ “ይኸው፣ በቀብሩ ላይ የተናገርሽው ደርሷታል” አለችኝ። ቢደርሳትም የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ አልነበረም፤ ብትቆጣኝ ግን ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። ባሏን የቀበረች ሴት መቆጣት መብቷ ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ያኔው ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ። አስቴር ጥቁር ለብሳለች። ግድግዳው ላይ ፎቶው አለ፤ መነጽሩን አድርጓል። ተቀመጡ አለችን። እኔ ልቀመጥ ስል ሀጂ ከድር በምርኩዙ ከለከለኝ።

“ልጄ፣ እዚህ ቤት ያልተመለሰልን ነገር አለ” አላት። “ሐዘንሽን እናውቃለን። አንቺ ተዉት ካልሽ እንተዋለን። ካላልሽን ግን መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም።”

አስቴር ወደ እኔ ዞረች። “በቀብሩ ላይ ‘አዳልቷል’ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ አይደል?”

“ነኝ።”

“እንደዚያ እንደሚሉ ያውቅ ነበር” አለች። ለቅሶ የለባትም፤ ድምፅዋ አንድ ነገር እንዳይፈስባት እንደምትሸከም ሴት ነበር። “ጫማዎን ያየ ዕለት ነው የነገረኝ። በወግ መልሺላቸው፣ ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ አለኝ። እንዳለኝ ነው የምናገረው።” ከዚያ እጆቿን አጣምራ ቆማ መለሰችልን።

“‘ልጅቷን ጠይቄያታለሁ፣ አልፈለገችም በያቸው። ለእማማ ዘነበች ደግሞ እንዲህ በያቸው። ኦፕራሲዮን ሽልማት አይደለም፤ ስብራት ነው። ቀኙን የሰበርኩት ስለወደድኩት አይደለም፣ ስላመመው ነው። ግራው ለዓመታት የሌላውን ሸክም ተሸክሟል። ላገለገለ አጥንት ስብራት አይከፈለውም፤ የሚከፈለው ዕረፍት ነው። ዕረፍቱን የሰጠሁት ቀኙን ያቀናሁ ቀን ነው። አንድ ቀን ካመመው ተራ አይጠብቅ፤ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉ፣ ነግሬአቸዋለሁ። እስከዚያው ግን እማማ አዳልቷል ካሉ፣ ሁለቱንም ጫማቸውን ያውልቁና ገልብጠው ሶላቸውን ያስተያዩ።’”